ጎንደር ላይ የፓራጓይ ሾርባ በላሁ፣ አንዴ ተናድጄ አንዴ ደስ ብሎኝ

ለኔ ሾርባ የበሽተኛ ምግብ ነው፣ እውነቱን ልናገር። እኛ ቤት ሾርባ ከተጣደ ወይ የታመመ አለ ወይ ጥርሱን ያስነቀለ አለ፣ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ እራቴ ነው ብሎ ሾርባ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ ስጋ ስጋ በሚልበት ሰሞን፣ ዝናቡ ዶፉን እያወረደው ጓደኛዬ ደውሎ "ና ሾርባ ልጋብዝህ" ሲለኝ በቃ ኪሱ ባዶ ነው ብዬ እያዘንኩለት ነው የሄድኩት።

ቤቱ ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፣ አምስት ጠረጴዛ ብቻ፣ ከተከፈተ ሁለት ወሩ። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ወረድ ብዬ የምወቅሰው ነገር አለ፣ ጀማሪ ልጅ ደግሞ በአንድ ሰው አፍ ገበያው እንዲዘጋ አልፈልግም። ሜኑው ላይ ከፓስታና ከጥብስ መሀል "ቮሪ ቮሪ" ይላል፣ 320 ብር። አስተናጋጇን "እህት ይሄ ምንድነው?" ስላት "ሾርባ ነው፣ ግን ያጠግባል" ብላኝ ሄደች። ማብራሪያው ይሄው ነው።

ቮሪ ቮሪ የፓራጓይ ምግብ ነው። ፓራጓይ እንደኛው ወደብ የሌላት የደቡብ አሜሪካ አገር ናት፣ ዋና ከተማዋ አሱንስዮን። ነገሩ ሲፈታ የዶሮ መረቅ ውስጥ የሚቀቀሉ ከበቆሎ ዱቄትና ከአይብ የተድቦለቦሉ ብይ የሚያካክሉ ነገሮች ናቸው፣ ብይ ስል ልጅ ሆነን አፈር ላይ የምንጫወተውን ማለቴ ነው። ስሙ ራሱ ደስ ይላል፣ ስፓኒሾች ትንሽ ኳስን "ቦሊታ" ይላሉ፣ ጓራኒ የሚባለውን የነባሮቹን ቋንቋ የሚናገሩት ቃሉን በራሳቸው አፍ ቆራርጠው "ቮሪ" አደረጉት፣ ብዙ ነው ለማለት ደግሞ ደገሙት። እኛም "ትንንሽ" "ትልልቅ" የምንለው ያው መደጋገም አይደል እንዴ። እዛ አገር ጓራኒም ስፓኒሽም የመንግስት ቋንቋ ናቸው፣ ሾርባውም ልክ እንደዛው የሁለቱ ቅልቅል ነው፣ በቆሎው የነባሮቹ፣ ዶሮና አይቡ ከስፔን የመጣ።

ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። ሳህኑ መጣ፣ ሽታው አሪፍ ነበር፣ ግን ማንኪያዬን ስከት ድብልብሉ የለም! ማለቴ ነበረ ግን ሟሟ፣ ግማሹ ተበታትኖ መረቁን አወፍሮት ነገሩ ሁሉ አጥሚት ሆኗል፣ ታች ደግሞ እንደ ገንፎ የተጓጎለ። መረቁም ጣዕም የለውም፣ ዶሮው የፈረንጅ ዶሮ ስለሆነ ገና ሳይነካ ከአጥንቱ ይለቃል ግን መረቁ ላይ ምንም አልተወም። ያንን ለመሸፈን ይመስለኛል በርበሬ ነስንሶበታል። በርበሬ! ጎንደሬ ነኝ በርበሬ አልጠላም፣ ግን ዶሮ ወጥ ካማረኝ ዶሮ ወጥ አዛለሁ እኮ። ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ይበላል፣ ጋባዥ ስለሆነ መሰለኝ።

ልከፍል ስል (አዎ መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ ጠርጥሬ ነበር) ሼፉን ጥሩልኝ አልኩ። ሀያ ምናምን አመት የሚሆነው ልጅ ነው፣ ሽርጡን እየጠረገ መጣ። "ወንድሜ ይሄን የት ተማርከው?" ስለው "ከዩቲዩብ፣ ሴትዮዋ በስፓኒሽ ነው የምታወራው፣ ምንም አልሰማም፣ እጇን እያየሁ ነው የቀዳሁት" አለኝ። እዚህ ጋ ንዴቴ በረደ፣ ሳቄ መጣ። ድብልብሉ ለምን ፈረሰ ስለው ችግሩን ራሱ ያውቀዋል። የበቆሎ ዱቄት እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር የለውም፣ የሚያያይዘው አይቡና የመረቁ ቅባት ነው፣ የነሱ አይብ ደግሞ ጠንከር ጨው ያለ የላም አይብ ነው እንደኛ ውሃ የያዘና የሚፈረፈር አይደለም። ያን ቀን የገበያ አይብ ሳያጠል ነው የከተተው። "ሐሙስ ናልኝ፣ ግን ጠዋት ደውል፣ የሐበሻ ዶሮ ልግዛ" አለኝ።

ሄድኩ። እናቴንም ይዣት ሄድኩ፣ እሷ ደግሞ የሰው እጅ አታምንም።

አሁን ይሄኛው ሌላ ምግብ ነው በሉ። የሐበሻ ዶሮ ከጠዋት ጀምሮ ነው የተጣደው፣ ጎንደር ደግሞ ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ቆላ ላይ በሁለት ሰዓት የሚበስል ዶሮ እዚህ ይገትርሃል፣ እናቶቻችን ሳይንሱን ሳይሰሙ ያውቁታል። መረቁ ቢጫ ነው፣ ላዩ ላይ የቅባት ክብ ክብ ይታያል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ቀድሞ ተቁላልቶ ነው ዶሮው የገባበት፣ ትንሽ ካሮትና ዱባም አለው። እዛ አገር ኦሬጋኖ ነው የሚጨምሩት፣ ልጁ በሶብላ አድርጎበታል፣ ይሄ የራሱ ፈጠራ ነው እና እኔ ወድጄዋለሁ፣ ተጣሉኝ።

ድብልብሎቹ ቆመዋል! አይቡን በጨርቅ ቋጥሮ ድንጋይ ጭኖበት ነው ያደረው፣ ከዛ ላይ ትንሽ ፎርማጆ ፈቅፍቆ ቀላቅሎ፣ ዱቄቱን በሚፈላው መረቅ ከነቅባቱ አርሶ አሽቶ ነው የሰራው። መረቁ እየፈላ አንድ በአንድ ይጥላቸዋል፣ አያማስልም፣ ሲንሳፈፉ በስለዋል። ሲነከስ ውጪው ለስለስ ያለ ነው ውስጡ ግን ጠጠር ብሎ አይቡ ይሳባል፣ የበቆሎው ጣፋጭነት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሚጥሚጣ በትንሽ ሳህን ለብቻው ቀረበ፣ የፈለገ ይነስንስ፣ ትክክለኛው እንዲህ ነው።

እማዬ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ "ማነው የታመመው?" አለች፣ ከዛ ዝም ብላ ጨረሰችው፣ ከዛ "የባሕር ማሽላ ነው አይደል ይሄ?" ብላ ጠየቀች። አያቴም በቆሎን የባሕር ማሽላ ነበር የምትለው። አስቡት እስኪ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ እህል ነው ብለው አያቶቻችን በስሙ ላይ ጽፈውታል፣ በቆሎ እውነትም ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው፣ እና አሁን ስንት ዘመን ቆይቶ የዛው አህጉር ሰዎች አሰራር ተከትሎት ጎንደር ገባ። ይሄን ለእማዬ ሳስረዳት "እንጀራ የለም እንዴ?" አለችኝ።

እንጀራ የለም፣ ዳቦ ነው የሚሰጡት፣ ዳቦውም ቀዝቃዛ ነበር፣ ይሄ ነጥብ ይቀንስበታል። አስተናጋጇም ያዘዝነውን ውሃ ሁለቴ ረስታለች። ሽንት ቤቱን አልናገርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የፓራጓይ ሰዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1864 ጀምሮ እስከ 1870 ድረስ ከብራዚል፣ ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋር ተዋግተው አገሩ ተራቁቶ ነበር፣ ምግባቸው እንዲህ ድፍን ያለና ኃይል የሚሰጥ የሆነው ከዛ ችጋር በኋላ ነው የሚሉ አሉ። ስትበላው ታምናለህ፣ አንድ ሳህን በልቼ እስከ ማግስቱ ምሳ አልራበኝም። "ሶፓ ፓራጓያ" የሚባል ሌላ ምግብም አላቸው፣ "ሶፓ" ሾርባ ማለት ነው ግን ነገሩ በአይብና በሽንኩርት የተጋገረ የበቆሎ ዳቦ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ሾርባ የሚባለውን ነገር ጠጣር ካልሆነ አይወዱትም መሰለኝ። ልጁን እሱንም ሞክር ብዬዋለሁ፣ ቢያንስ የዳቦውን ችግር ይፈታል።

የሚሄድ ካለ እንግዲህ፣ ጠዋት ደውሉና የሐበሻ ዶሮ መሆኑን ጠይቁ፣ የፈረንጅ ነው ካላችሁ ሽሮ እዘዙ። ረቡዕና አርብ የለም። ነሐሴ አንድ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፣ ልጁም እስከ ፍቺው ድስቱን እሰቅለዋለሁ ብሏል፣ ስለዚህ የቀረችው ሳምንት ናት። ቅዳሜ ማታ ግን አትምጡ፣ እማዬ ጎረቤቶቿን ይዛ ልትሄድ ነው፣ ያለው አምስት ጠረጴዛ ነው።