የወላጅን ጠባይ የሚያስቀድም ሥልጠና፦ በቱሉ ዲምቱ የሚሰጠው የክርስቲያን ወላጆች ትምህርት

በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ የሚገኝ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለወላጆች የሚሰጠውን የ8 ሳምንት ሥልጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰጣል። የመመዝገቢያው 300 ብር የሥልጠናውን ጥራዝና ሻይ ቡናውን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ባልና ሚስት አብረው ከመጡ የአንድ ሰው ብቻ ይከፍላሉ።

ከዚህ ቀደም የሰማኋቸው የወላጅነት ትምህርቶች በአመዛኙ ስለ ልጁ ነበሩ፤ ስልኩን እንዴት እንደምንቆጣጠር፣ የትምህርት ውጤቱን እንዴት እንደምናሻሽል፣ ሲያጠፋ እንዴት እንደምንቀጣ። ይህኛው ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ጥያቄውን ወደ ወላጁ ያዞራል። መነሻው ዘዳግም ምዕራፍ 6 ነው፤ በዚያ ስፍራ ቃሉን ለልጆች የማስተማር ትእዛዝ የሚመጣው ወላጁ ራሱ ቃሉን በልቡ እንዲይዝ ከታዘዘ በኋላ ነው፤ ሥልጠናውም በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ትልቁ ብርታቱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከክፍለ ጊዜዎቹ ሁሉ የላቀው ሦስተኛው ነበር። አብርሃም በግብፅም በጌራራም ለሕይወቱ ፈርቶ ሣራን እኅቴ ናት ማለቱን ዘፍጥረት 12 እና 20 ይተርካሉ፤ በምዕራፍ 26 ይስሐቅ በዚያው በጌራራ ስለ ርብቃ ያንኑ ተናገረ። ከተሳታፊዎች አንዱ፣ አብርሃም ይህን ሲያደርግ ይስሐቅ ገና አልተወለደም፣ ታዲያ ከማን ተማረው ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ ጥያቄውን አልሸሹትም። ምዕራፍ 20 ቁጥር 13ን አስነበቡን፤ አብርሃምና ሣራ በሚደርሱበት ስፍራ ሁሉ ይህንኑ ለማለት ከአገራቸው ሲወጡ ጀምሮ ተነጋግረው እንደነበር በዚያ ተጽፏል። ነገሩ የአንድ ቀን ድንጋጤ ሳይሆን የቤቱ ልማድ ነበር ማለት ነው። መጽሐፉ ይስሐቅ ልማዱን በምን መንገድ እንዳገኘው አይነግረንም፤ ሆኖም ቤት ውስጥ የሰነበተ ልማድ ማንም ሳያስተምረው ለልጅ እንደሚደርሰው ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ያዕቆብም አባቱን በፍየል ጠቦት ቆዳ አታለለ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለት።

ውይይቱ ከዚያ ወደ እኛው ቤት ተሻገረ። ስልክ ሲጠራ «አባዬ የለም በለው» ተብሎ የሚታዘዝ ልጅ፣ ከእሑድ አምልኮ መልስ በምሳ ገበታ ላይ የሰባኪው ስም ሲብጠለጠል የሚሰማ ልጅ፣ ማታ አብራው የምትጸልየው እናቱ ጠዋት የቤት ሠራተኛዋን በምን ቃል እንደምትጠራ የሚሰማ ልጅ በምሳሌነት ተነሡ። ይህ የመጨረሻው ለአካባቢያችን እጅግ የሚገባ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ ሥራ የሚሄድ ወላጅ ገና ሳይነጋ ለአውቶቡስ ተሰልፎ የሚመለሰው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከሠራተኛዋ ጋር ነው። እርስዋን በማዋረድ ያደገ ልጅ ስለ ባልንጀራ ፍቅር በሰንበት ትምህርት የሚማረውን ከምን ጋር ያገናኘዋል?

ስድስተኛው ሳምንት ወላጅ ልጁን ይቅርታ ስለ መጠየቅ ነበር። ልጅ ታላቅ ሲገባ እንዲነሣ፣ ሲናገሩት አንገቱን እንዲደፋ በሚጠበቅበት ባህል ውስጥ ይህ ቀላል ርእስ አይደለም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የሆኑ አባት፣ በልጄ ፊት ዝቅ ካልኩ ነገ ማን ይሰማኛል ሲሉ ጠየቁ። አሠልጣኙም፣ ማጥፋትዎን ልጁ ቀድሞውኑ ያውቃል፣ የማያውቀው ክርስቲያን ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርግ ነው ብለው መለሱላቸው። ቀጥሎ ሁላችንም ይቅርታውን «ግን አንተም» የሚል ቃል ሳንጨምርበት መናገርን ተለማመድን። ለዚህ ልምምድ ብቻ ቢባል እንኳ ክፍያው አይበዛበትም።

ስለ ቅጣት የተሰጠው ክፍለ ጊዜ ግን ጥድፊያ ነበረበት። ኤፌሶን 6፥4 እና ቆላስይስ 3፥21 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ሲያዝዙ ምን ማለታቸው እንደሆነ በቂ ጊዜ አልተሰጠውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ተጠቅሷል፤ 72 ሕፃናት በተሳተፉበት በዚያ ሙከራ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት ልጆች ምቱንም ቃላቱንም ደግመውታል። ጥናቱ ግን ከዱላ ጉዳይ ጋር ሳይያያዝ ታለፈ፤ ወላጆች በብርቱ የሚከራከሩበት ጉዳይ ግን ይኸው ነበር።

ከዚህ የከበደው ጉድለት «ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፥ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም» በሚለው በምሳሌ 22፥6 ላይ ታየ። ትልቅ ልጃቸው ከእምነት የራቀባቸው አንዲት እናት ጥፋቱ የእኔ ነውን ብለው ሲጠይቁ፣ የተሰጣቸው መልስ ጥቅሱን እንደ ዋስትና የሚያቀርብ ነበር፤ እርሳቸውም ከበፊቱ ይበልጥ አዝነው ሄዱ። እዚህ ላይ 1ኛ ሳሙኤል ሊነበብ ይገባ ነበር። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን ከክፋታቸው ባለመከልከሉ ተወቅሷል፤ ሳሙኤል ግን በዚያው በዔሊ እጅ አድጎ ታማኝ ሆነ፣ የእርሱ ልጆች ደግሞ በምዕራፍ 8 መማለጃ ሲቀበሉ እናገኛቸዋለን። የወላጅ ጠባይ ብርቱ ተጽዕኖ አለው፤ የልጁን ምርጫ ግን አይተካም። ሥልጠናው የመጀመሪያውን እውነት በደንብ ያስተምራል፤ ሁለተኛውን በዚያው መጠን ባለማስተማሩ ያዘኑ ወላጆችን ያለ ማጽናኛ ይሰድዳል።

ጥራዙ አባትና እናት አብረው ለሚያሳድጉበት ቤት የተጻፈ ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችና የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አያቶች ነበሩ። 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 የጢሞቴዎስን እምነት ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ጋር አያይዞ ስለሚያነሣ፣ ለእነርሱ የሚሆን ክፍለ ጊዜ ለማዘጋጀት መነሻ አይታጣም።

ልጆቻቸው ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ወይም በአንደኛ ደረጃ ላይ ያሉ ወላጆች እንዲመዘገቡ ከልብ እመክራለሁ። ልጆቻቸው ለአካለ መጠን የደረሱባቸው ከሦስተኛውና ከስድስተኛው ሳምንት ብዙ ይጠቀማሉ። ሕፃናት የሚቆዩበት ክፍልና ተንከባካቢ ስላለ ልጆችን ይዞ መምጣት ይቻላል፤ የአዳራሹ የኋላ ወንበሮች ድምፅ በደንብ ስለማይደርሳቸው ግን ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል።