ለታሪክ ሰመር ካምፕ ስኮላርሺፕ ማመልከት፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

ልጃችን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ከትምህርት ቤቷ አማካሪ ስለ አንድ የታሪክ ሰመር ካምፕ ሰምታ መጣች። ካምፑ የሚካሄደው እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አገር ቤት ክረምት በምንለው፣ እዚህ ግን ሙቀቱ በሚያይልበት ወቅት ነው። ተማሪዎቹ ለሁለት ሳምንት አዳሪ ሆነው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተካሄደባቸውን ስፍራዎችና የቀድሞ መሪዎችን መኖሪያዎች እየጎበኙ ይማራሉ። ክፍያው ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ነው። እኔ በኡበርና በሊፍት የምሠራ ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴም በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፕ የሚታሰብ አልነበረም፤ ይህም ግምገማ የሚያተኩረው ከካምፑ ይልቅ በማመልከቻው ሂደት ላይ ነው። ቅሬታም ስላለኝ፣ በአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ ብቻ ድርጅቱን በስም ማንሳት ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ማመልከቻው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱን ተማሪዋ፣ ሌላውን ወላጆች ይሞሉታል። ከተማሪዋ የሚፈለገው የውጤት ማስረጃ፣ የአንድ መምህር የድጋፍ ደብዳቤና ከ500 ቃላት ያልበለጠ ጽሑፍ ነው። እንደ እኔ ግምት ከጠቅላላው ሂደት የላቀው ይህ የጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም «ታሪክ ለምን ትወዳለህ» የሚል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሚያስገኝ ጥያቄ ሳይሆን፣ ተማሪው በሚኖርበት አካባቢ ያለን አንድ ታሪካዊ ቦታ መርጦ፣ ቦታው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ እንዲያብራራ የሚጠይቅ ነው።

ልጄ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ዐድዋ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሳነበው ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ከእኔና ከእናቷ በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ከምትሰማው የተለየ አንድም ነገር አልነበረበትም። የታሪክ መምህሯ ደግሞ ጥያቄው የምትኖርበትን አካባቢ እንደሚል በትሕትና አስታወሰቻት። ቅዳሜ ጠዋት «አባዬ፣ አሌክሳንድሪያ ውሰደኝ» አለችኝና፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ባለችው በዚያች ከተማ ወደሚገኝ፣ በሥራዬ ምክንያት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በአጠገቡ ወደማልፈው፣ ግን አንድም ቀን ወርጄ ወዳላየሁት መካነ መቃብር ሄድን።

ቦታው በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ከባርነት አምልጠው ወደ ከተማዋ የገቡ ጥቁሮች የተቀበሩበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1869 ድረስ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናት፣ እዚያ አርፈዋል። ከዚያ በኋላ ስፍራው ተረሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በመቃብሮቹ ላይ የነዳጅ ማደያ ተሠራበት፤ የመታሰቢያ ስፍራ ሆኖ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ልጄ ጽሑፏን የጀመረችው በነዳጅ ማደያው ነው፤ ከደረሰችባቸው ነገሮች ግን እኔን የነካኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 መጨረሻ ላይ በከተማዋ ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ከ400 በላይ ጥቁር ወታደሮች፣ የሞቱ ጓዶቻቸው በዚህ ስፍራ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የአገሪቱ ወታደር በወታደሮች መቃብር እንዲያርፉ የሚጠይቅ ማመልከቻ ፈርመው አቀረቡ። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አገኘ፤ እዚህ ተቀብረው የነበሩትም ወታደሮች አፅማቸው ወደዚያ ተዛወረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዐድዋ የተጻፈው ወረቀት በቤታችን አልተነሳም።

የወላጆች ክፍል ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው፣ ብዙ አበሾች ማመልከቻውን ጀምረው የሚተዉት በዚህ ቦታ መሆኑን ከወዳጆቼ ስለምሰማ ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት ይሉኝታ ነው፤ ገቢያችንን ለማናውቀው ሰው መግለጥ፣ «አንሶናል» ብሎ መጻፍ፣ ለልመና የቀረበ ይመስለናል። ሁለተኛው እንቅፋት ግን ከቅጹ የሚመነጭ ነው። ቅጹ «የቤተሰቡ ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢ» ብሎ ይጠይቅና አንድ ሣጥን ብቻ ይሰጣል። ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ይህ አያስቸግርም። እንደ እኔ በራሱ መኪና ለሚሠራ ሰው ግን የትኛው ቁጥር ይጻፍ? ኩባንያው በየዓመቱ ለታክስ በሚልክልን 1099-ኬ በተባለው ቅጽ ላይ የሚታየው ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ በውስጡ ኩባንያው ለራሱ የሚያስቀረው ድርሻ ሳይቀር አለበት። ከዚያ ላይ የነዳጅና የመኪናው ወጪ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. ለ2024 ታክስ የተፈቀደው ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም ነበር። ለቤት የሚገባው ስኬጁል ሲ በተባለው፣ በግል የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን በሚያሰላበት የታክስ ቅጽ ግርጌ የሚገኘው የተጣራ ትርፍ ብቻ ነው። ከላይ ያለውን ቁጥር የጻፈ ሹፌር በወረቀት ሀብታም ሆኖ ይገኛል። እኔም በመጀመሪያ የጻፍኩት እሱኑ ነበር፤ ታክስ የሚሠራልን ሰው አይቶ ባያርመኝ ኖሮ ማመልከቻው እንደዚያው ይላክ ነበር።

ቅጹ የማያየው ሌላም ወጪ አለ። ለእናቴና ለባለቤቴ ወላጆች በየወሩ ወደ አገር ቤት የምንልከው ገንዘብ ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪያችን ነው። ይሁንና በአሜሪካ የታክስ ሕግ እዚያው የሚኖሩና የዚህ አገር ዜግነት የሌላቸው ወላጆቻችን ጥገኛ ተብለው ስለማይመዘገቡ፣ 1040 በተባለው ዓመታዊ የታክስ ቅጽ ላይ የዚህ ወጪ ምልክት የለም። ደግነቱ በማመልከቻው መጨረሻ ላይ «ልዩ ሁኔታ ካለ ይግለጹ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ባዶውን ይተወዋል፤ እኔ ግን የላኩበትን ደረሰኝ አያይዤ በስድስት መስመር ጻፍኩት። በኋላ ስልክ የደወለችልኝ የካምፑ ሠራተኛ ስለዚያ ገንዘብ ሁለት ጥያቄ ስለጠየቀችኝ፣ መነበቡን አውቄአለሁ። በዚህ ረገድ ላመሰግናቸው ይገባል፤ ጥያቄዎቿ በአክብሮት የቀረቡ ነበሩ፣ ማስረጃ ስትጠይቅም እንደ ተጠርጣሪ አላየችኝም።

ዋናው ቅሬታዬ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የመግቢያው ውጤት በማርች አጋማሽ ደረሰን። ቦታዋን ለማስያዝ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ የማይመለስ 400 ዶላር ቀብድ መክፈል ነበረብን፤ የስኮላርሺፑ ውሳኔ ግን የሚታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በኤፕሪል ነው። ስለዚህ ገንዘብ እንደሌለው ገልጾ ያመለከተ ቤተሰብ፣ ርዳታ ማግኘቱን ሳያውቅ ገንዘቡን እንዲያስይዝ ይጠየቃል። ደውዬ ሳስረዳ ያለ ክርክር እስከ ውሳኔው ቀን አራዘሙልኝ፤ ነገር ግን ይህ አማራጭ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፣ ለመደወል የደፈረ ብቻ ነው የሚያገኘው። ከዚህ በተጨማሪ ስኮላርሺፑ የሚሸፍነው ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን እንደሆነ፣ የኪስ ገንዘብና የልብስ ማጠቢያ ግን በወላጅ ላይ እንደሚወድቅ የተረዳነው ዘግይተን ነው።

በመጨረሻ የክፍያውን ሦስት አራተኛ ሸፈኑልን። ስለ ካምፑ በአጭሩ ልናገር፦ ልጄ በዚያን ዘመን የቨርጂኒያ አካል በነበረችው በሃርፐርስ ፌሪ ቆማ፣ ባርነትን በጦር መሣሪያ ለማጥፋት ተነስቶ በስቅላት የተቀጣውን የጆን ብራውንን የ1859 እ.ኤ.አ. አመጽ ተምራለች፤ በዚያው ምሽት ተማሪዎቹ የቨርጂኒያ ገዥ ብትሆኑ ኖሮ የሞት ፍርዱን ታነሱለት ነበር ወይ በሚል ተከራክረዋል። እሷ የተመደበችው «አይነሳለትም» በሚለው ወገን ስለነበር፣ የማታምንበትን ነገር ለማስረዳት እስከ እኩለ ሌሊት ስታነብ አመሸች። በጄፈርሰን መኖሪያ በሞንቲቼሎ ደግሞ፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ መውጣቷን ያወጀውን ሰነድ የጻፈው እኚሁ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በዕድሜያቸው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት እንደያዙ፣ ባሪያዎቹ ይሠሩበት በነበረው መንገድ ላይ እየሄዱ ሰምተዋል። ምግቡን አልወደደችውም፤ በሁለተኛው እሑድ ልንጎበኛት ስንሄድ ድርቆሽ አምጡልኝ ብላ ነበር።

ካምፑ ሲያልቅ ለወላጆች የአስተያየት መጠይቅ ላኩልን። የቀብዱ ቀን ከስኮላርሺፑ ውሳኔ በኋላ እንዲሆን፣ በገቢው ሣጥን አጠገብም በግል ለሚሠሩ ሰዎች የተጣራውን ትርፍ እንዲጽፉ የሚያሳስብ አንድ መስመር እንዲጨመር ጻፍኩላቸው። ስለ ሁለተኛው ወዲያው አመስግነው እንደሚጨምሩት መለሱልኝ። ስለ ቀብዱ የሰጡት መልስ «እናስብበታለን» የሚል ነው።