የኤንኤፍኤስ ፋይል ባለቤት ሲምታታ፦ ቁጥር ማስተካከል ወይስ ስም ማዛመድ?

በኤንኤፍኤስ (የሌላ ማሽንን ፎልደር በኔትወርክ በሚያጋራው ዘዴ) ባገናኛችሁት ፎልደር ውስጥ የራሳችሁ ፋይል በሌላ ሰው ስም ከታየ፣ መጀመሪያ «ኤልኤስ ሰረዝ ኤልኤን» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ የባለቤቱን ቁጥር (የዩዘሩን መለያ) እዩ። ሰርቨሩ ላይ 1001 የሆነው ዩዘር ላፕቶፓችሁ ላይ 1000 ከሆነ ችግሩ ተገኘ፦ ከፋይሉ ጋር የሚቀመጠው የባለቤቱ ቁጥር እንጂ ስሙ አይደለም።

አንዱ መፍትሔ ቁጥሩን በሁሉም ማሽን አንድ ማድረግ ነው። አድካሚ ነው፤ የድሮ ፋይሎችንም ባለቤት በቾውን (ባለቤት በሚቀይረው ትእዛዝ) መቀየር አለባችሁ። ግን አስተማማኝ ነው።

ሌላው የኤንኤፍኤስ 4 የስም ማዛመጃ ነው፤ ባለቤቱን በቁጥር ፈንታ በዩዘር ስምና አብሮት በሚላክ የዶሜይን ስም ያዛምዳል። የዶሜይን ስሙ በሁለቱም ወገን ካልተመሳሰለ ፋይሉ የኖባዲ (ባለቤቱ ላልታወቀ የሚሰጥ የዩዘር ስም) ሆኖ ይታያል። ቢመሳሰልም ወጥመድ አለው፦ ኬርቤሮስ (የዩዘርን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) ከሌለ ፈቃድ የሚወሰነው አሁንም በቁጥር ነው። ስሙ ትክክል ሆኖ ይታያችኋል፣ መጻፍ ግን ትከለከላላችሁ። ይሄ ስንት ሰዓት ይበላል! ለጥቂት ማሽኖች እኔ ቁጥሩን ማስተካከል እመርጣለሁ።

ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሆናችሁ የፈጠራችሁት ፋይል ብቻ የኖባዲ ከሆነ ግን ሁለቱም አይፈቱትም። ሰርቨሩ ለደኅንነት ሲል ያደረገው ነው።