የጥቅምትና የኅዳር ቅጠሎች፦ ስለ አንድ የ2018 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር

ባለፈው ጳጉሜን በደብረ ማርቆስ ከተማ ከአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የ2018 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር በ250 ብር ገዛሁ። ከአጠገቡ የተሰቀሉት በ150 ብር ይሸጡ ነበር፤ ልዩነቱን ከፍዬ ይህን የመረጥሁት በእያንዳንዱ ወር ቅጠል ግርጌ «በዚህ ወር በዓለም» የሚል ዓምድ ስላለውና ከእኛ በዓላት ጎን የሌሎች ሕዝቦችን በዓላት በእኛው አቆጣጠር ስለሚያሳይ ነው። አስተያየቴን እስከ ታኅሣሥ ያቆየሁት ዓምዱ ከሁሉ የበለጠ የሰፋው በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሎች ላይ በመሆኑ ነው፤ ሁለቱን ወራት ከካላንደሩ ጋር ሳልኖር ስለ እርሱ መፍረድ አልፈለግሁም።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ራሱ ልናገር። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ቅጠሎች አሉት፤ የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ በትንሹ ታትሟል። የምድጃ ጭስ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀለሙ እስካሁን አልደበዘዘም። አጽዋማቱንና ተዘዋዋሪ በዓላቱን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አስልቼ አመሳክሬያለሁ፤ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ፣ የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚያዝበት ቁጥር አበቅቴው 12፣ ተዘዋዋሪ በዓላቱ የሚወጡበት ቁጥር መጥቅዑ 18 መሆኑ፣ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገብቶ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን መዋሉ በትክክል ሰፍሯል። በዚህ በኩል አዘጋጆቹ የሚነቀፉበት ነገር የለም።

ካላንደር በእኛ አገር ቤት ጌጥ ብቻ አይደለም። የዝክር ቀን፣ የማኅበር ተራ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የሐኪም ቀጠሮ ሁሉ በዳርቻው በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፤ ጎረቤትም ቀኑ ሲጠፋው ብቅ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ፍላጎት በጥቅምትና በኅዳር ይበረታል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ በመሆናቸው በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌት ይቆማል፤ የጽጌ ማኅበርተኞችም በየተራ ይደግሳሉ። ከዚያ ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 15 የጾመ ነቢያት መግቢያ፣ ኅዳር 21 ጽዮን ይከታተላሉ፤ በዚያው ሰሞን ጤፉ ይታጨዳል፤ የትኛው ቀን በዓል፣ የትኛው ቀን ሥራ እንደሆነ ለይቶ ማወቅም ለአጫጁ የግድ ነው። ስለዚህ በካላንደር ላይ የታተመ ነገር ይታመናል፤ ስሕተቱም እንዲሁ ሳይጠረጠር ወደ ቤተሰቡ ይገባል። ከዚህ በታች በምነቅፋቸው ነጥቦች ላይ ጥብቅ የሆንሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ነቀፌታዬ ስለ አንዲት ቃል ነው። የጥቅምቱ ዓምድ «በበልግ ማብቂያ የሚከበሩ የዓለም በዓላት» በሚል ርእስ ይጀምራል። አዘጋጆቹ ሊሉት የፈለጉት በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቅጠል የሚረግፍበትንና ምርት የሚሰበሰብበትን ወቅት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በልግ ለእኛ ከክረምቱ አስቀድሞ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ለጥቅምትና ለኅዳር የራሱ ስም አለው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ይባላል። ቃሉን ልጆች በትምህርት ቤት በተሳሳተ መንገድ ሲጠቀሙበት ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ቅጠሉ በየቤቱ ሲሰቀል ስሕተቱ እንደሚጸና አስቤ አዝኛለሁ። መጸው የምትል ቃል እያለችን በልግን ከቦታዋ ማፈናቀል አይገባም ነበር።

ወደ በዓላቱ ስንመጣ ግን የጥቅምቱ ቅጠል በእውነት የተደከመበት ነው። የሕንዶቹ ዲዋሊ ጥቅምት 10 ቀን ላይ ተቀምጦ በየቤቱ ደጃፍና መስኮት ትንንሽ የሸክላ መብራቶች በዘይት እንደሚበሩ፣ ብዙዎች ራማ ከስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበትን ቀን እንደሚያስቡበት፣ ላክሽሚ የተባለችው የብልጽግና አምላካቸውም በዚያ ሌሊት እንደምትለመን ተጽፏል። በዓሉ የሂንዱዎች ብቻ አለመሆኑን፣ ጃይኖች የመምህራቸውን የማሃቪራን ዕረፍት እንደሚዘክሩበት፣ ሲኮችም በራሳቸው ምክንያት እንደሚያከብሩት መጨመሩ የአዘጋጆቹን ጥንቃቄ ያሳያል።

ጥቅምት 22 እና 23 ላይ የሜክሲኮ የሙታን ቀን አለ። ለእርሱ የተመረጠው ሥዕል የራስ ቅል ብቻ ነው፤ ይህ የበዓሉን ልብ ይሸፍነዋል። ሜክሲኮዎች በእነዚያ ቀናት በቤታቸው ጠረጴዛ ዘርግተው የሞቱባቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ያኖራሉ፤ ሟቹ ይወደው የነበረውን ምግብ፣ ለቀኑ የተጋገረ ዳቦና ሻማ ያቀርባሉ፤ ሴምፓሱቺል የተባለውን ደማቅ ብርቱካናማ አበባም ይነሰንሳሉ። በልማዱ የመጀመሪያው ቀን በሕፃንነታቸው ላረፉት፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎቹ ነው። ጽሑፉን ለእናቴ ሳነብላት ሥዕሉን ፊቷን አዙራ አለፈችው፤ የጠረጴዛውን ነገር ስነግራት ግን «ታዲያ የእያንዳንዱን ስም ይጠራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለአባቴ 40ውንና ሙት ዓመቱን ያወጣች ሴት ናትና ጥያቄዋ ከልቧ ነበር። የእኛ ተዝካር ከእያንዳንዱ ሰው የዕረፍት ቀን ይቆጠራል፤ የእነርሱ ግን ሙታንን ሁሉ በአንድ ሰሞን ይሰበስባል። ከራስ ቅሉ ይልቅ ያ የተዘረጋ ጠረጴዛ ተሥሎ ቢሆን የጎጃም አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳው ነበር።

ከሁሉም ልቤን የነካው የታይላንዶቹ ሎይ ክራቶንግ ነው። በእነርሱ የጨረቃ አቆጣጠር በ12ኛው ወር ጨረቃ ስትሞላ ሰዎች ከሙዝ ግንድና ቅጠል ትንሽ ተንሳፋፊ ሰሐን ይሠራሉ፤ በላዩ አበባ፣ ሻማና የዕጣን እንጨት ሰክተው በወንዝ ወይም በኩሬ ላይ ይለቁታል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ውኃን ለማመስገንና ስላጎደፉትም ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ሰከላ ወርዶ በግሽ ዓባይ ጠበል የተጠመቀ፣ ወንዙ ከሚፈልቅበት ቦታ ቆሞ የአቡነ ዘርዓ ብሩክን መጻሕፍትና የዓባይን ታሪክ የሰማ ሰው ውኃን አክብሮ መቅረብ ምን እንደሆነ ያውቃል። እምነቱ የተለያየ ነው፤ እኔም አንዱን በሌላው አልለውጥም፤ በውኃ ፊት የሚቆመው ሰው አኳኋን ግን ተቀራረበብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እመጣለሁ። ካላንደሩ ዲዋሊንም፣ ሎይ ክራቶንግንም፣ የሜክሲኮውንም በዓል በአንድ ዓይነት ቀይ ነጥብ አትሟቸዋል፤ የትኛው በየዓመቱ በዚያው ቀን እንደሚውልና የትኛው ከዓመት ዓመት እንደሚዘዋወር አይናገርም። የሜክሲኮው የፀሐይን አቆጣጠር የሚከተል ስለሆነ ከቦታው አይናወጥም፤ በእኛ በኩል አንድ ቀን የሚንቀሳቀሰው ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. ብቻ ነው። ዲዋሊ ግን የጨረቃ ነው። አበቅቴን የተማረ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ያንሳል፤ እኛም ወንበር የተባለውን የዓመት ቁጥር በ11 እያባዛን አበቅቴን የምናወጣው ይህንኑ ልዩነት ለመያዝ ነው። ሕንዶች ልዩነቱ ሲጠራቀም በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ትርፍ ወር ይጨምራሉ፤ አይሁድ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ትርፍ ወራት ያስገባሉ፤ የእኛም ንዑስ ቀመር የተባለው የዘመን ዙር ያው 19 ዓመት ነው። የእስልምናው አቆጣጠር ደግሞ ምንም አይጨምርም፤ ስለዚህ በዓላቱ ወቅቶችን ሁሉ እየዞሩ ይጎበኛሉ።

ይህ ቢጻፍ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ ጥቅሙ ቶሎ የሚታይ ነው። ብዙ ቤተሰብ ዓመቱ ሲያልቅ ካላንደሩን አይጥልም፤ ቅጠሉ ደብተር ይለበድበታል፤ በዓላቱም በልጆች አእምሮ ይቀራሉ። ዲዋሊ ዘንድሮ ጥቅምት 10 ቀን ውሏል፤ በሚመጣው ዓመት በ2019 ዓ.ም. ግን በሕንዶች ዘንድ ትርፍ ወር በመግባቱ ወደ ጥቅምት 29 ይሸሻል። በቀይ ነጥቡ የታመነ ልጅ በ19 ቀናት ይሳሳታል ማለት ነው። ከተዘዋዋሪዎቹ በዓላት ጎን አንዲት ትንሽ ጨረቃ ማተም ብቻ ይበቃ ነበር።

የኅዳሩ ቅጠል ከጥቅምቱ ይልቅ አጭር ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኅዳር 2 ቀን የምዕራባውያኑ የቅዱስ ማርቲን በዓል ተጽፏል፤ ወታደር ሳለ ካባውን በሰይፍ ከፍሎ ለበረደው ለማኝ ያካፈለው፣ በኋላም የቱር ከተማ ጳጳስ የሆነው ማርቲን ነው። በጀርመን አገር ልጆች በምሽት ፋኖስ ይዘው እየዘመሩ ይዞራሉ። አዘጋጆቹ በዚህ ሳያበቁ፣ በመካከለኛው ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ በዓል ማግሥት ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ ይጾም እንደነበር አስታውሰዋል። ጾመ ነቢያትን ኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ለሚጾም ሰው ይህች አንዲት መስመር ብዙ ትናገራለች። እኔ የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኜ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

ኅዳር 6 ላይ ደግሞ የጃፓኖቹ ሺቺ ጎ ሳን አለ፤ ስሙ ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት ማለት ነው፤ ወላጆች በእነዚህ ዕድሜዎች የደረሱ ልጆቻቸውን አልብሰው ወደ መቅደስ በመውሰድ ስለ ጤንነታቸው ያመሰግናሉ። ያ ቀን ለእኛ ቁስቋም ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ የተሰደደችበት መከራ የሚታሰብበት። ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ጎን ለጎን ሳያቸው ደስ ብሎኛል። የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ኅዳር 18 ላይ አለ፤ የፈረንጆቹን ኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ እየተከተለ የሚዘዋወር መሆኑ ሊጠቀስ ይገባ ነበር።

ከኅዳሩ ቅጠል የቀረው ነገር ግን ከተጻፈው ይልቅ አሳስቦኛል። ስግድ የለም። የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በዓል ነው፤ ስሙ ሰገደ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ ዮም ኪፑር ከተባለው የአይሁድ የስርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ ዘንድሮም ኅዳር 11 ቀን ነበር። ቀድሞ በአገራችን ሳሉ ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቻቸው ኦሪትን በግዕዝ ያነብቡ ነበር፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ወርደው ይፈስኩ ነበር። ዛሬ በኢየሩሳሌም በብዙ ሕዝብ ይከበራል፤ የእስራኤል ምክር ቤትም በፈረንጆቹ 2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ከሩቅ ምሥራቅ እስከ ሜክሲኮ የዞረ ዓምድ በራሳችን ቋንቋ የተሰየመውን፣ ከጣና ማዶ ከጎንደር ተራሮች የሄደውን በዓል ማለፉ የማይገባ ግድፈት ነው።

እንዲሁም ኅዳር 12 ላይ «ቅዱስ ሚካኤል» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈም። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ የት ሄደ? በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ የኅዳር በሽታ የሚል ስም አትርፎ፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር ጥሎ፣ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ ጨርሷል። በየዓመቱ በዚያ ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠሉና ደጁን ማጠኑ ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። በዓለም በዓላት ተርታ ብናቆመው የሚያንስ አይደለም።

የኅዳር 21 ሥዕል የአክሱም ጽዮን ናት፤ ኅትመቱ የጠራ፣ ቀለሙ የተመረጠ ነው። ከሥሩ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት በጣና ቂርቆስ ደሴት እንደቆየች የሚነገረው ትውፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሷል፤ ይህን ለሐይቁ ቅርብ ለሆነ አንባቢ ማስታወሳቸውን አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ መደብሯ ተመልሼ ይህን ሁሉ ለሻጩ ነገርሁት። ወጣት ልጅ ነው፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና «ጋሼ፣ የሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ነው የሚታዘዘው፤ ጽፈው ይስጡኝና ለአሳታሚዎቹ ላድርስ» አለኝ። በአንድ ገጽ ጻፍሁለት፦ በልግ በመጸው ይተካ፤ ለተዘዋዋሪዎቹ የጨረቃ ምልክት ይደረግ፤ በ2019 ዓ.ም. ዲዋሊ ጥቅምት 29፣ ስግድ ጥቅምት 30 ነው፤ ኅዳር 12 ላይ ኅዳር ሲታጠን ይጨመር። ወረቀቱን ከሒሳብ ደብተሩ መካከል አስገባው፤ እኔም ለ2019 ሁለት ካላንደር እንዲያስቀምጥልኝ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእናቴ፣ 100 ብር ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ።