የሆምስኩል የሕግ ምክር አገልግሎት፦ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንዳየነው

በአሜሪካ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን የሚገዛ አንድ አገር አቀፍ ሕግ የለም፤ ቴክሳስ ውስጥ ለማንም ሳያሳውቅ ሲያስተምር የኖረ ቤተሰብ ኒው ዮርክ ሲገባ ዓመታዊ የትምህርት ዕቅድ፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርትና የዓመት መጨረሻ ምዘና ይጠብቁታል። ይህን ልዩነት ለወላጆች እያስረዳ፣ ቅጽ እያዘጋጀና በስልክ ምክር እየሰጠ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ የሚሰበስብ አንድ ድርጅት አለ፤ እኛም አባል ሆነን ሁለት ዓመት ቆይተናል። ስሙን የማልጠቅሰው ምስጋናዬም ሆነ ቅሬታዬ ከአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ ብቻ የተነሣ ስለሆነ ነው።

የተመዘገብነው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለን ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጃችንን ዓርብ ከትምህርት ቤት አስወጥተን ሰኞ ቤት ውስጥ ልናስጀምረው ወስነን ስንደውል፣ ስልኩን ያነሣችው አማካሪ አስቀድማ የጠየቀችን የማሳወቂያውን ቅጽ መቼ እንዳስገባን ነበር። የሜሪላንድ ደንብ ወላጁ ማስተማር ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ እኛ ግን ቅጹን ገና አላየነውም። ልጁ በእነዚያ ቀናት ቤት ቢውል ያለ ፈቃድ ከትምህርት ገበታው እንደቀረ ሊቆጠር ይችል ነበር። የዓመቱ ክፍያችን በዚያች የአሥር ደቂቃ ንግግር ተመልሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም የልጁ ሥራዎች ስለሚጠራቀሙበት ማኅደር፣ ግን እንዲህ ለማለት አልችልም። ደንቡ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስ፣ በማኅበራዊ ትምህርት፣ በሥነ ጥበብ፣ በሙዚቃ፣ በጤናና በሰውነት ማጎልመሻ መደበኛና የተሟላ ትምህርት እንዲሰጥ፣ የልጁም ሥራ እየተሰበሰበ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። የትምህርት ቢሮው ተወካይ በዓመት ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ ያውም ሁለቱም ወገኖች በተስማሙበት ሰዓትና ቦታ፣ ሊያየው ይችላል። የድርጅቱ ናሙና ቅጽ ግን ለእያንዳንዱ ቀንና ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ስንት ሰዓት እንደተማረ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ነበረው፤ ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጠች አራት ወር ሙሉ ሞላችው። የደንቡን ጽሑፍ ራሴ ፈልጌ ሳነብ ግን የሰዓት ቁጥር የሚባል ነገር አላገኘሁበትም። የሚለው ትምህርቱ በትምህርት ዘመኑ በቋሚነት እንዲሰጥና ለመርሐ ግብሩ የሚበቃ ጊዜ እንዲኖረው ነው፤ ከዚህም አልፎ የአካባቢው ቢሮ በደንቡ ከተጻፈው ውጭ ሌላ ግዴታ እንዳይጨምር ይከለክላል። በዓመት 180 ቀን ወይም ለአንደኛ ደረጃ 900 ሰዓት የሚጠይቀው የፔንሲልቬንያ ሕግ ነው። ቅጹ ለሁሉም ግዛት እንዲሆን ታስቦ የተሰፋ ልብስ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተወካይዋ ፖርትፎሊዮውን ለማየት በተቀመጠችበት ቀን የሰዓት ሠንጠረዦቹን ሳታነብ ገለጠቻቸው፤ ዓይኗ ያረፈው ልጃችን በየሳምንቱ እየለካ በሣለው የባቄላ ቡቃያና በክራር መለማመጃ ደብተሩ ላይ ነበር። ጉድለት ብታገኝ እንኳ በጽሑፍ ከተነገረን በኋላ ማስተካከላችንን የምናሳይበት 30 ቀን በደንቡ ተሰጥቶናል። ይህን የሚያረጋጋ አንቀጽ ድርጅቱ በመመሪያው ውስጥ አንድም ቦታ ላይ አልጠቀሰውም።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ስንዛወር አገልግሎቱ እንደገና ዋጋውን አሳየ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያና የሚሰጡትን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ትጠይቃለች፤ በዓመቱ መካከል የሚገባ ቤተሰብ ደግሞ በተቻለ ፍጥነት አሳውቆ የቀረውን በ30 ቀን ውስጥ ያሟላል። ከሜሪላንድ የሚለየው ትልቁ ነገር ወላጁ ራሱ ማስተማር እንደሚችል የሚያሳይባቸው አራት መንገዶች መኖራቸው ነው፦ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ የትምህርት ማስረጃ፣ የመምህርነት ብቃት፣ በርቀት ወይም በሌላ መንገድ የሚሰጥ የተዘጋጀ መርሐ ትምህርት፣ ወይም በቂ ትምህርት ለመስጠት መቻሉን የሚያስረዳ ማስረጃ። የድርጅቱ የኢንተርኔት ቅጽ ዲፕሎማውን ሲጠይቅ ትምህርት ቤቱ የሚገኝበትን ግዛት ከ50ዎቹ አንዱን ካልመረጡለት ወደ ሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። አዲስ አበባ ለተማረ ሰው ምርጫው መዋሸት ወይም መቆም ነበር። ስንደውል ጠበቃው ቅጹን ትተን በወረቀት እንድንጽፍ፣ የዲግሪውን ትርጉም እንድናያይዝና በአራተኛው መንገድ የሚቀርበውን ደብዳቤም እንድንጨምርበት መከረን፤ የደብዳቤውንም ረቂቅ በማግስቱ ላከልን። ማሳወቂያችን ያለ ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። ሰውየው ጎበዝ ነው፤ ድረ ገጹን የሠራለት ሰው ግን አንድ ቀን አጠገቡ ቢቀመጥ ብዙ በተማረ ነበር።

ስለ ድጋፍ አማራጮች የሚያወራው ክፍል ከሁሉም ደካማው ነው። ግዛቶቹን በፊደል ተራ ደርድሮ የገንዘብ ድጋፍ ያለበትንና የሌለበትን ያመለክታል፤ ገንዘቡ የሚያስከትለውን ለውጥ ግን አያስረዳም። በአሪዞና በ2022 ለሁሉም ተማሪዎች የተከፈተውን፣ ግዛቱ ለልጁ ትምህርት ገንዘብ የሚያስቀምጥበትን ሒሳብ የሚቀበል ቤተሰብ ከግዛቱ ጋር ውል ይፈርማል፤ ልጁን ቤት ቢያስተምርም በሕጉ ዓይን ሆምስኩል አይባልም፣ የሆምስኩል ማረጋገጫም አያስገባም። በፍሎሪዳ በ2023 የመጣው ድጋፍም ከመደበኛው የቤት ትምህርት ምዝገባ የተለየ መንገድ ነው። በሜሪላንድ ያለው ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ አይደለም፦ ወላጅ ከጠየቀ ልጁ ሊመዘገብበት በሚችልበት የመንግሥት ትምህርት ቤት መደበኛውን ፈተና መፈተን ይችላል፤ ፖርትፎሊዮውን ለቢሮው ማሳየት የማይፈልግ ወላጅም በተፈቀደለት የእምነት ተቋም ወይም የግል ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ያወቅነው ከድርጅቱ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ከተዋወቅናት እናት ነው።

ምክሩ የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መረጃዎቻቸውን በአማርኛም ጭምር እያስተረጎሙ በሚያወጡበት አካባቢ፣ ክፍያ የሚቀበል ድርጅት አስተርጓሚ በስልክ ለማገናኘት እንኳ አለመሞከሩ ያስተዛዝባል። እንግሊዝኛ የማይቀናው ወላጅ ቢመዘገብ የሚተርፈው ያው የተሳሳተው ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቅሬታዬ በማስታወሻው ላይ ነው። ቨርጂኒያ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1 ትፈልጋለች፦ በቋንቋና በሒሳብ አራተኛው ስታናይን (የፈተና ውጤት ከሚመደብባቸው ዘጠኝ እርከኖች አራተኛው) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፈተና ውጤት፣ አለዚያም ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስና ከዚያ በላይ ያለው ሰው የጻፈው የምዘና ደብዳቤ። ድርጅቱ በኢሜይል ያስታወሰን የኦገስት 15ቱን ማሳወቂያ ብቻ ነው፤ መልእክቱም የደረሰን ፍልሰታ ከገባ በኋላ፣ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር። ደግነቱ ባለቤቴ ደብዳቤውን በሰኔ አስጽፋ በራሷ እጅ ወስዳ አስገብታ ነበር። አባልነቱን ዘንድሮ አላደስነውም፤ ወደ ፔንሲልቬንያ የምንዛወር ከሆነ ግን ዕቃ ከመጫናችን በፊት እዚያው ጠበቃ ጋ እንደውላለን።