ባለ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፦ እሳቱን አጠፋልኝ፣ ጣጣውን ተወልኝ

በቀጥታ ልናገር። ይሄ ማጥፊያ ጀልባዬን አድኖልኛል። ሁለተኛ ግን ለሞተር ክፍል ብዬ አልሰቅለውም።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ሽቦ ነው። ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው ወፍራሙ ሽቦ ከብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ላስቲኩ ተልጦ ኖሯል፤ ፊውዝ ደግሞ የለውም (ጀልባዋን ስገዛ እንደዚያው ነበር፣ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት)። መጀመሪያ የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተኝ። ከዚያ በሞተሩ ክዳን ዙሪያ ጥቁር ጭስ መውጣት ጀመረ። ጀልባዋ የተሠራችበት ፋይበርግላስ እኮ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠጥር ሙጫ) የተነከረ የመስታወት ክር ነው። መስታወቱ አይነድም፣ ሬዚኑ ግን በደንብ ይነዳል፣ ጭሱም እንደ ጎማ ጭስ የጠቆረና የወፈረ ነው። ቶሎ ካልተደረሰበት ጀልባው እስከ ውሃው ልክ ድረስ ነዶ ሊያልቅ ይችላል።

ሞተሩንና የባትሪውን ማብሪያ አጠፋሁ። ይሄ ካልቀደመ ዱቄቱ እሳቱን ቢያጠፋውም የጋለው ሽቦ መልሶ ያቀጣጥለዋል፣ ዱቄት አያቀዘቅዝማ። ክዳኑን ብድግ ማድረግ ለእሳቱ አየር መጋበዝ ስለሆነ ትንሽ ብቻ ገርበብ አድርጌ አፍንጫውን አስገባሁና ተጫንኩ። 10 ሰከንድ አካባቢ ረጨ፣ አለቀ። ነበልባሉም ድርግም አለ። እዚህ ላይ ምንም እንከን አልወጣለትም።

ጣጣው የመጣው በማግስቱ ነው። ቢጫ ዱቄት የሌለበት ቦታ የለም፤ መሳቢያ ውስጥ፣ ካርታ ላይ፣ ታጥፎ የተቀመጠው ሸራ እጥፋት ውስጥ ሳይቀር። እኔ ሞኙ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይዤ መጠራረግ። ይሄ ዱቄት በአብዛኛው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆንና መዳብና አሉሚኒየም ይበላል። የተቃጠለ የሽቦ ላስቲክ ጥላሸትም እንደዚያው አሲድ አለው። ሁለቱን ለውሼ በገዛ እጄ ቀባሁታ! በሦስተኛው ሳምንት እሳቱ ጭራሽ ያልደረሰበት የሽቦ ጫፍ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያ ደቃቅ ብናኝ በሚይዝ ቫኪዩም መምጠጥ፣ ቀጥሎ ጥላሸቱን በደረቅ የጎማ ስፖንጅ ማንሳት፣ ውሃ በመጨረሻ ነው። ጭምብልም የግድ ነው፣ ሬዚኑ ነዶ የተራቆተው የመስታወት ክር እየበነነ ጉሮሮም ቆዳም ያሳክካል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን የጀልባዋ ገላ ነው። የጠቆረው መዳፍ የምታክል ቦታ ብቻ ነበረች። ሊፈትሽ የመጣው ባለሙያ በዊንጭ (የሸራ ገመድ መወጠሪያ) እጀታ ዙሪያውን ቀስ እያለ ኳ ኳ ያደርግ ጀመር። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው ድፍን ይላል። ድፍን ያለው ክንድ ሙሉ ርቆ ሄደ፤ ቀለሙ እንኳ አልተነካም እኮ! ለካ ብዙው የፖሊስተር ሬዚን ሊነድ ይቅርና ገና 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይለሰልሳል፣ ከመስታወቱም ሊላቀቅ ይችላል። እሱን ሁሉ ቆርጠን አዲስ ንጣፍ አለበስነው።

አሁን ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው በራሱ የሚረጭ የጋዝ እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ነው። ሙቀቱ 79 ዲግሪ ሲደርስ አፉን የዘጋችው ትንሽ ብርጭቆ ትሰበርና ጋዙ ይለቀቃል፣ ዱቄት የሚባል ነገር አይተውም። ሞተሩና የአየር ማራገቢያው ግን ወዲያው መጥፋት አለባቸው፣ አለዚያ ጋዙን ጠርገው ያወጡታል። ክዳኑ ላይም የማጥፊያ አፍንጫ የምታስገባ ቀዳዳ ከነመክደኛዋ አስበስቻለሁ።

የዱቄቱን ማጥፊያ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አዲስ ገዝቼ መውጫው በር አጠገብ ሰቅየዋለሁ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ካለ ነፍስ ያድናል። አልፎ አልፎ ገልብጣችሁ ነቅንቁት፣ በጀልባው ንዝረት ዱቄቱ ታች ሊጠቀጠቅ ይችላል፣ የግፊት መለኪያው ግን ያኔም አረንጓዴው ላይ ነው።