ባለ 6፣ ባለ 12 ወይስ ባለ 24? ትንሽ የውሃ ቀለም ሳጥን ለመግዛት ላሰባችሁ

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ብዛቱ ላይ ነው። ባለ 24 ሳጥን ሲከፈት ልብ ይማርካል። ባለ 6 ከጎኑ ሲቀመጥ ደግሞ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል። "ቀለም ቢበዛ ይሻላል እንጂ ምን ክፋት አለው?" ትሉ ይሆናል። የውሃ ቀለም ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል። ሥዕሉ ላይ የሚታየው አብዛኛው ቀለም ከሳጥኑ በቀጥታ የሚወጣ አይደለም፤ ክዳኑ ላይ የምትቀላቅሉት ነው። ስለዚህ ሦስቱን ሳጥኖች የማወዳድረው በአንድ ነገር ነው፤ ከውስጣቸው ምን ምን ቅልቅል ይወጣል?

አስቀድመን አንድ ነገር እንያዝ። የውሃ ቀለም በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀለሙን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት፣ ፒግመንት የሚባለው ነው። ሌላው ዱቄቱን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ከግራር ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጣጠቅ ግሊሰሪን ወይም ማር ይገባበታል። ዋናው ጉዳይ ያለው ፒግመንቱ ላይ ነው። ወደ የትም የማያደላ ቀይ ወይም ሰማያዊ አታገኙም። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፤ ታሎ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ። ካድሚየም ቀይ ውስጡ ብርቱካናማ ነው፤ ክዊናክሪዶን ሮዝ ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ይህን ዝንባሌ ያወቀ ሰው ሳጥን ሲመርጥ አይሸወድም።

ባለ 6

ጥሩ ባለ 6 የምለው ከቢጫ፣ ከቀይና ከሰማያዊ ሁለት ሁለት የያዘውን ነው፤ አንዱ ሞቅ ያለ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ። ለምሳሌ ሎሚ ቢጫና ሞቅ ያለ (ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ) ቢጫ፣ ካድሚየም ቀይና ክዊናክሪዶን ሮዝ፣ አልትራማሪንና ታሎ ሰማያዊ።

ለምን ሁለት ሁለት? ሐምራዊ ቀላቅሉና እዩት። አልትራማሪን ከካድሚየም ቀይ ጋር ስታዋህዱ የጠበቃችሁት ሐምራዊ አይመጣም። የሚመጣው ቡኒ የገባበት፣ የደበዘዘ ነገር ነው። ቀዩ ውስጥ የተደበቀ ቢጫነት አለ፤ ቢጫ ደግሞ የሐምራዊ ተቃራኒ ስለሆነ ያከስመዋል። ያንኑ አልትራማሪን በክዊናክሪዶን ሮዝ ሞክሩት። ወዲያው ንጹህና ደማቅ ሐምራዊ ይወጣል። ብሩሹም ውሃውም ያው ነው፤ የተቀየረው ቀዩ ብቻ ነው። አረንጓዴም እንደዚሁ ነው። ሎሚ ቢጫና ታሎ ሰማያዊ ፏ ያለ አረንጓዴ ይሰጣሉ። ሞቅ ያለ ቢጫና አልትራማሪን ደግሞ ረጋ ያለ፣ ወይራማ አረንጓዴ ይሰጣሉ።

ደብዛዛው ቅልቅል ተበላሸ ማለት አይደለም። ጥላ፣ አሮጌ ግድግዳ፣ የሩቅ ተራራ፣ የደረቀ ሣር በደማቅ ቀለም አይሣልም። ባለ 6 ሳጥን የሚሰጣችሁ ምርጫውን ነው፤ ስትፈልጉ ደማቁን፣ ስትፈልጉ ረጋ ያለውን።

ሌላም ጥቅም አለው። 6 ቀለም ሁለት ሁለት ሲቀላቀል 15 ጥንድ ብቻ ነው። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አስፍሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጨረስ ይቻላል። ባለ 12 ላይ ጥንዱ 66 ይደርሳል፤ ባለ 24 ላይ 276። ከ276 ቅልቅል ጋር በቅርብ የሚተዋወቅ ሰው ጥቂት ነው።

ድካሙም ግን አይካድም። ቡኒ በፈለጋችሁ ቁጥር መቀላቀል አለባችሁ። ግራጫም እንደዚያው። ውጭ ወጥቶ ብርሃኑ ሳይቀየር ቶሎ ቶሎ ለሚሥል ሰው ይህ ጊዜ ይበላል። ደግሞ ባለ 6 የሚባል ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡኒና ጥቁር አድርገው የሚሸጡት አለ። እሱ ቁጥሩ 6 ይሁን እንጂ ያልኳችሁን ሥራ አይሠራም፤ ንጹህ ሐምራዊና ንጹህ አረንጓዴ በአንድ ላይ አይሰጣችሁም።

ባለ 12

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ቢያርፍ ደስ ይለኛል። ምክንያቱን ለማየት ቀለም አምራቹ ዊንሶር ኤንድ ኒውተን ኮትማን በሚል ስም የሚያወጣትን ትንሽ የኪስ ሳጥን እንክፈት። ውስጧ ሎሚ ቢጫና ካድሚየም ቢጫ፣ ፈዘዝ ያለ ካድሚየም ቀይና አሊዛሪን ክሪምሰን፣ አልትራማሪንና ሴሩሊያን ሰማያዊ አሉ። ቁጠሯቸው፤ ባለ 6 ላይ ከየቀለሙ ሁለት ሁለት ያልነው እዚሁ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ ሁለት አረንጓዴ፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡኒ) እና ነጭ ተጨምሮበታል።

ከእነዚህ ሁሉ የማልለቀው በርንት ሲየናን ነው። ብቻውን ሲታይ ተራ ቀይ ቡኒ ነው። ከአልትራማሪን ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ነው። እኩል ለእኩል ገደማ ስታደርጓቸው ግራጫ ይሆናሉ። ሰማያዊውን ስታበዙ የዝናብ ደመና ይመጣል። ቡኒውን ስታበዙ የዛፍ ግንድ። ውሃውን ቀንሳችሁ ወፈር ስታደርጉት ወደ ጥቁር የተጠጋ ጥልቅ ጥላ ታገኛላችሁ። ሲደርቅ ደግሞ ሰማያዊው ከቡኒው ትንሽ ተለያይቶ ወረቀቱ ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጥና ግራጫው ሕይወት ይኖረዋል። ሳጥን ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ባለ 12 ስትመርጡ አልትራማሪንና በርንት ሲየና አብረው መኖራቸውን ሳታዩ አትግዙ።

ነጩ ግን ብዙም አያስፈልግም። የውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ነው። ነጭ ቀለም ቅልቅል ውስጥ ሲገባ ብርሃን የሚያሳልፈውን ቀለም ድፍንና ጠመኔማ ያደርገዋል። የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ለማስቀመጥ ካልሆነ በቀር፣ ያ ቦታ በሌላ ቀለም ቢያዝ ይሻላል። እኔ ብሆን ክዊናክሪዶን ሮዝ አስገባበታለሁ።

ባለ 24

ባለ 24ን ማጣጣል አልፈልግም። መቀላቀል የማይወድ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ካርድ ለሚያስጌጥ፣ ለሕፃናት ሥዕል ቀለም ለሚቀባ፣ ቶሎ ቶሎ ማስታወሻ ለሚሥል ሰው ያለቀለት ቀለም እጁ ላይ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ከጃፓኑ ሳኩራ የሚመጣው ኮይ ሳጥን ለምሳሌ ውሃ በውስጡ ከሚይዝ ብሩሽ ጋር ስለሚሸጥ ለመንገድ ምቹ ነው። በ12ም በ24ም ይገኛል።

ችግሩ የሚመጣው ስትቀላቅሉ ነው። ትልልቅ ሳጥኖችን ከሚሞሉት ቀለሞች ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ቅልቅል ናቸው። አንዱ አረንጓዴ ውስጥ ሁለት ፒግመንት አለ፤ አንዱ ሐምራዊ ውስጥ ሦስት። እነዚህን ሁለቱን ስታዋህዱ አምስት ፒግመንት አንድ ላይ ገባ ማለት ነው። ውጤቱ ጭቃ ነው። ሠዓሊው "እኔ መቀላቀል አልችልም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጥፋቱ ግን የሳጥኑ ነው።

አንድ ቅጠል በሦስቱ ሳጥን

ልዩነቱ በደንብ እንዲታያችሁ አንድ ቅጠል እንሣል፤ ከፊሉ ፀሐይ ላይ፣ ከፊሉ ጥላ ውስጥ ያለ።

በባለ 6 ሎሚ ቢጫ ትጀምሩና ታሎ ሰማያዊ ጫፍ ታክል ታስገባላችሁ። ይህ የፀሐዩ ወገን ነው። ለጥላው አልትራማሪን ጨምራችሁ በጣም ትንሽ ቀይ ትነኩታላችሁ። ቀይ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ ጩኸቱን ያበርደዋል። ከሦስቱ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ሁለቱ አረንጓዴዎች ግን ከአንድ ቤት የመጡ ስለሆኑ ተስማምተው ይቀመጣሉ።

በባለ 12 ከሁለቱ አረንጓዴዎች አንዱ በሆነው ሳፕ ግሪን ላይ ሎሚ ቢጫ ለፀሐዩ፣ በርንት ሲየና ለጥላው። አለቀ። ቶሎ ይሠራል፤ ውጤቱም የተፈጥሮ አረንጓዴ ነው።

በባለ 24 አራት አምስት አረንጓዴ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ፈዛዛውን እዚህ፣ ጥቁሩን እዚያ ታደርጋላችሁ። መቀላቀል የለም። ግን የፀሐዩና የጥላው አረንጓዴ ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል፤ ቅጠሉ ከሁለት ቅጠል የተቆረጠ ይመስላል። ባለ 24 ያላችሁ ሰዎች ይህን ካያችሁ አንዱን አረንጓዴ ብቻ ያዙና በቢጫና በቡኒ ቀያይሩት። ወዲያው ይስተካከላል።

ሳጥኑ ላይ የሚነበበው

ከቁጥሩ በኋላ የሚታየው ደረጃው ነው። የተማሪ ደረጃ የሚባለው ፒግመንቱ ቀነስ ያለ፣ ውድ የሆኑትን ፒግመንቶች በርካሽ የተካ ነው። ኮትማንና የሮያል ታለንስ ቫን ጎክ እዚህ ውስጥ ናቸው። ስሙ መጨረሻ ላይ "ሂዩ" የሚል ቃል ካያችሁ ቀለሙ ያንን ይመስላል እንጂ ያ ፒግመንት ራሱ አይደለም። "ካድሚየም ቢጫ ሂዩ" ውስጥ ካድሚየም የለም። ለመማር ይህ ምንም አይልም። የባለሙያ ደረጃ የሚባሉት፣ እንደ ሽሚንክ ሆራዳም ወይም ማር የሚገባበት ሰኔሊየ ያሉት፣ ፒግመንታቸው ብዙ ነው። ትንሽ ነክታችሁ ብዙ ቦታ ትሞላላችሁ።

ባላችሁ ገንዘብ 24 የተማሪ ወይም 6 የባለሙያ መግዛት ከቻላችሁ፣ ሁለተኛውን ምረጡ እላለሁ። ጥሩ ባለ 12 የተማሪ ሳጥን ገዝታችሁ የተረፈውን በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ላይ ብታውሉት ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ውድ ቀለም መጥፎ ወረቀት ላይ አያምርም።

የፒግመንት ኮዱንም እዩ። ቱቦው ወይም መጠቅለያው ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ፒቢ 29 ካለ አልትራማሪን ነው። ፒ ፒግመንት መሆኑን፣ ቢ ሰማያዊነቱን፣ ቁጥሩ ደግሞ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ይናገራል። ፒቢ 15 ታሎ ሰማያዊ ነው። ፒቪ 19 ክዊናክሪዶን ሮዝ። አንድ ኮድ ብቻ የተጻፈበት ቀለም ለመቀላቀል አይከዳም። ሦስት ኮድ ከተደረደረ ብቻውን ተጠቀሙበት። ፒአር 83 ካያችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ይህ የጥንቱ አሊዛሪን ክሪምሰን ነው፣ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይለቃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ደረቅ ወይስ ቱቦ?

ለትንሽ ሳጥን ደረቁ ይሻላል፤ ሃፍ ፓን የሚባለው ትንሹ ኩባያ ለኪስ ይመቻል፣ አይፈስም። ቱቦ ሰፊ ሰማይ በአንዴ ለሚቀባ ሰው ነው። ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፤ ባዶ ሃፍ ፓን ውስጥ ከቱቦ ጨምቃችሁ ጥቂት ቀን እንዲደርቅ መተው ነው።

ስትቀላቅሉ

ከፈዛዛው ጀምሩ። ቢጫውን አስቀድማችሁ ሰማያዊውን በጥቂቱ አስገቡ። ታሎ ሰማያዊ ኃይለኛ ነው፤ ተገልብጦ ከተጀመረ ኩባያውን ቢጫ ብትጨርሱ አይለወጥም። ከሁለት ቀለም አትለፉ፤ ሦስተኛው ለማብረድ ብቻ ይግባ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝ፣ እርጥብ እያለ ከምትፈልጉት ትንሽ ጠቆር ይበል። ሁለት የውሃ ዕቃ ያዙ፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ንጹህ። አዲስ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ቀለሙ እየተሰበሰበ ጠብታ ጠብታ ከሆነ አትበሳጩ። በትንሽ የጥርስ ሳሙና ፈግፍጋችሁ እጠቡት፤ ከዚያ በኋላ ይዘረጋል።

መጨረሻ ላይ የምታዩት ኩባያዎቹ የሚወጡ መሆናቸውን ነው። አንዳንዱ ሳጥን ቀለሙ ተጣብቆበት ስለሚመጣ፣ አንዱ ሲያልቅ ያንን ብቻ መተካት አስቸጋሪ ነው። መደበኛ ሃፍ ፓን ያለው ሳጥን ላይ ግን ያለቀውን ነቅሎ ሌላ ማስገባት ነው። መጀመሪያ ያለቀውን ቀለም በቱቦ ግዙት፤ በጣም የምትጠቀሙት እሱ ስለሆነ ከ5 ሚሊ ሊትር ቱቦ ሃፍ ፓናችሁን ደጋግማችሁ ትሞላላችሁ። ወራት አልፎ ምንም ያልተነካውን ደግሞ አውጡና ቦታውን ለምትወዱት ቀለም ስጡት።